ረጅም ሌንስ ልግዛ ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? የጸደይ ወፎችን በጥብቅ ስፍራ ፎቶ ማንሳት

ሰላም_በጠዋት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን እያነበብኩ ዝም የምል ነበርኩ፣ ዛሬ ግን ጥያቄ ይዤ ብቅ ብያለሁ። በአቅራቢያዬ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ አለ። መካከለኛ ሐይቅ፣ ዳር ዳሩን ሸምበቆ፣ ከጀርባው ጫካ፣ ረግረጉ ላይ ደግሞ የእንጨት መሻገሪያ። ብርዱ አልፎ ጸደይ ከገባ ወዲህ ወፉ ለጉድ ነው። ካሜራዬ ውስጥ ግን የሚገባው ሌላ ነው፦ የሚበር ጭራ፣ ቅጠል ውስጥ የተሸጎጠ ግማሽ ወፍ፣ ላባው የማይታይ ነጭ ድቡልቡል ሳቢሳ። ያለኝ አነስተኛ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ያለው ካሜራና እስከ 300 ሚሜ የሚደርስ ሌንስ ነው። 600 ሚሜ ካልገዛሁ አይሆንም ማለት ነው? ከወፍ ሌላ በጸደይ የሚታይ እንስሳ ካለም ጠቁሙኝ።

ፈጣን_ጣት፦
ግዢ። ወፍ ቀርቦ አይጠብቅሽም። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ዝምተኛው_ተመልካች፦
ልጄ፣ ገንዘብሽን ለጊዜው ያዢ። 300 ሚሜ ሌንስ ባንቺ ካሜራ ላይ ሲገጠም የሚሰጥሽ እይታ በትልቁ ሴንሰር ላይ 450 ሚሜ አካባቢ ያለ ሌንስ የሚሰጠውን ያህል ነው። ለጸደይ አያንስም። በዚህ ወቅት ወፍ ሥራ ይበዛበታል፤ ክልሉን ያስከብራል፣ አጣማሪ ይፈልጋል፣ ጎጆ ይሠራል፣ ጫጩት ይቀልባል። ሥራ የበዛበት ወፍ መንገዱ የታወቀ ነው። የሚዘፍነው ወንድ የሚቆምባቸው ቅርንጫፎች ጥቂት ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞርና ተመልሶ እዚያው ይቆማል። ከኋላ ከኋላው ከሄድሽ የምታገኚው ጀርባውን ነው። አንዱን ቅርንጫፍ መርጠሽ ራቅ ብለሽ ብትቀመጪ ግን ዞሮ ዞሮ ፊት ለፊትሽ ይመጣል።

ስትቀመጪ ፀሐይም ነፋስም ከጀርባሽ ይሁኑ። የፀሐይዋን ነገር ሁሉም ያውቃል፣ የነፋሱን ግን ብዙ ሰው ቸል ይላል። ወፍ ሲነሳም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ነፋሱ ጀርባሽን እየነካ ከሆነ የሚነሳውም የሚያርፈውም ፊቱን ሰጥቶሽ ነው ማለት ነው። ይህን ካወቅሽ ሐይቁ ዳር ከመድረስሽ በፊት የቱ ጋ እንደምትቀመጪ መገመት ትችያለሽ።

ቀጥሎ ወፉን ማንበብ ነው። ሳቢሳ ሊነሳ ሲል ሰውነቱን ወደ ፊት ያዘነብላል፣ እግሩን አጠፍ ያደርጋል፣ ብዙ ጊዜም ኩሱን ጥሎ ነው የሚነሳው። ትልልቆቹ ወፎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ኩሱ ወደቀ ማለት ጣትሽ አዝራሩ ላይ መሆን አለበት። ዳክዬ ደግሞ ጭንቅላቱን ደጋግሞ ወደ ላይ ነቅነቅ ነቅነቅ ካደረገ ሊነሳ እያሰበ ነው።

ከፍታውንም አትርሺ። መሻገሪያው ላይ ቆመሽ ቁልቁል ያነሳሽው ዳክዬ ምንም ቢሆን የዳክዬ ጀርባ ነው። ዳር ላይ በሆድሽ ተኝተሽ ሌንሱን ከውሃው ትንሽ ከፍ ብታደርጊው ከጀርባው ያለው ሁሉ ይደበዝዝና ዓይኑ ብቻ ጎልቶ ይወጣል።

600 ስለመግዛት የመጨረሻ ቃሌ ይኸው፦ ረፋድ ላይ ምድሩ ሲሞቅ ከሩቅ የሚታይ ነገር ሁሉ ይርገበገባል። ያንን ሙቀት የትኛውም ሌንስ አያቋርጠውም፤ ረጅሙ እንዲያውም ያጎላዋል። መድኃኒቱ በማለዳ ሄዶ ቀርቦ መቀመጥ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ።

ፈጣን_ጣት፦
ጋሼ እኔን በተረት መቱኝ 😄

ቁንጮ፦
ጋሼ ስለ ወፉ ተናግረዋል፣ እኔ ስለ ካሜራው ልጨምር።

ቆሞ ለሚዘፍን ወፍ የሹተር ፍጥነት (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበት ጊዜ) 1/500 ሰከንድ ይበቃል። ውሃ ላይ ለሚጣሉ ዳክዬዎች 1/1600፣ ለበረራ ከ1/2000 ጀምሮ፣ ለትንንሾቹ ክንፈ ፈጣኖች 1/3200። አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ ሌንስሽ የቻለውን ያህል ክፈቺው። አይኤስኦውን (ካሜራው ምስሉን የሚያበራበትን መጠን) አውቶ አድርጊና ጣሪያውን 6400 ላይ ገድቢው። ብዙ ጀማሪ አይኤስኦ ይፈራና በ1/200 ያነሳል። አይኤስኦው ከፍ ብሎ ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ቤት ገብቶ በሶፍትዌር ይጸዳል፤ የተንቀጠቀጠን ግን ማንም አያድነውም።

ፎከሱ ተከታታይ፣ ማለትም ወፉን እየተከተለ የሚስተካከለው፣ ይሁን። ካሜራሽ የእንስሳ ዓይን የሚለይ ከሆነ ክፈቺለት፣ ግልጽ ቦታ ላይ ተአምር ነው። ቅርንጫፍ የበዛበት ውስጥ ግን ከፊት ያለውን እንጨት እየያዘ ያበሳጫል። እዚያ አንዲት ትንሽ የፎከስ ነጥብ መርጠሽ በራስሽ እጅ ዓይኑ ላይ አሳርፊያት።

ስለ ድምፅ አልባው ሹተር ደግሞ፦ ለቆመ ወፍ ግሩም ነው፣ አይደነግጥም። በበረራ ላይ ግን ሴንሰሩ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ፈጣን ክንፍ ሊጣመምብሽ ይችላል። ስታዪው “ምን ዓይነት ክንፍ ነው ይሄ?” ትያለሽ። ለበረራ ወደ መካኒካሉ፣ ቀጭ ወደሚለው ሹተር መልሺው።

ሰላም_በጠዋት፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ቁንጮ። የነፋሱን ነገር ጨርሶ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሳቢሳዬ ግን ለምን እንደዚያ ይነጣል? ውሃው ጥሩ ሆኖ ይወጣል፣ ወፉ ብቻ ነው የሚጠፋው።

ቁንጮ፦
ውሃው ጥሩ ሆኖ ስለወጣ ነው የሚጠፋው። ጠቆር ያለ ውሃ ፍሬሙን ሞልቶ ሳቢሳው መሃል ላይ ትንሽ ከሆነ፣ ካሜራው ጨለማውን ሊያበራ ሲል ነጩን ያቃጥለዋል። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ፎቶውን የሚያጨልመውንና የሚያበራውን ማስተካከያ) ወደ -1 አውርጂ። ሳቢሳው ቀርቦ ፍሬሙን ከሞላው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራው ነጩን ሁሉ አይቶ ያጨልመዋል፣ ያን ጊዜ ወደ +። አንድ ቁጥር ሸምድደሽ አትሂጂ፣ ከጀርባው ያለውን እያየሽ ቀያይሪ። ሂስቶግራሙ (የፎቶውን ጨለማና ብርሃን የሚያሳየው ግራፍ) በቀኝ በኩል ጠርዙ ላይ ከተለጠፈ የላባው ዝርዝር ጠፍቷል።

ራው በሚባለው ጥሬ የምስል ፋይል አንሺ። ስስ ደመና ያለበት ጠዋት ደግሞ ለነጭ ወፍ ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል፣ ሰው ግን ሰማዩ ሲዳምን ቤቱ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሂድ። የወንዱ ዳክዬ ጭንቅላት አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ወይን ጠጅ፣ አንዴ ጥቁር የሚሆንብሽ ካሜራሽ ተበላሽቶ አይደለም። ያ ቀለም ብርሃኑ ላባው ውስጥ ካለው ረቂቅ አወቃቀር ጋር ተጋጭቶ የሚፈጥረው ነው። የብርሃኑ ማዕዘን ሲቀየር ቀለሙም ይቀየራል። የዓሣ አጥማጁ ወፍ ሰማያዊም ከቀለም ቅንጣት ሳይሆን ከላባው አሠራር የሚመጣ ነው። ዳክዬው ጭንቅላቱን እስኪያዞር ጠብቂ።

ሽመላ_በመንገድ፦
መቼ መሄድ እንዳለብሽ ማንም አልነገረሽም፣ እኔ ልንገርሽ።

ከትንንሾቹ ዘፋኝ ወፎች አብዛኞቹ የሚፈልሱት በሌሊት ነው። ከኋላ የሚገፋ ሞቅ ያለ ነፋስ ሲያገኙ ይነሳሉ። ሊነጋጋ ሲል ዝናብ ወይም የፊት ነፋስ ከገጠማቸው ያገኙት ዛፍ ላይ ይወርዳሉ። እንዲህ ባለ ጠዋት፣ ማታ ባዶ የነበረው ቁጥቋጦ በወፍ ተሞልቶ ታገኚዋለሽ፤ ደክሟቸዋል፣ ርቧቸዋል፣ ታች ድረስ ወርደው ነፍሳት ይለቅማሉ። ስለዚህ የአየር ትንበያ ማየት ከሌንስ አይተናነስም። ሌሊት የኋላ ነፋስ፣ ንጋት ላይ ካፊያ ከተባለ ማንቂያ ደወልሽን ሙዪ። ብቻ እነዚህ ወፎች ከረጅም መንገድ የገቡ ናቸውና የሚለቅሙበት ቁጥቋጦ ውስጥ አትግቢባቸው።

ማለዳ ደግሞ የዝማሬው ሰዓት ነው። ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ ነፋሱ ስለሚረጋ ድምፅ ርቆ ይሄዳል የሚል ነው። ለመልቀም ገና ጨለማ ስለሆነ ሌላ የሚሠሩት የለም የሚሉም አሉ። ድምፁን ለመለየት ሜርሊን የተባለውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ላብራቶሪ ነፃ መተግበሪያ ጫኚ። ከ2021 ወዲህ የወፍ ድምፅ እየሰማ ስሙን ይነግርሻል። አንዳንዴ ይስታል፤ ፍንጭ አድርጊው እንጂ በዓይንሽ ሳታዪ አየሁ አትበዪ።

ካነሳሁት አይቀር፣ ስለ ፍልሰት ከሁሉ የምወደው ታሪክ የሽመላዋ ነው። ወፎች ክረምቱን የት ይሄዳሉ ለሚለው ጥያቄ አውሮፓውያን ለረጅም ዘመን ሐይቅ ሥር ጭቃ ውስጥ ይተኛሉ እስከማለት ደርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ሰሜን ጀርመን ውስጥ አንዲት ሽመላ አንገቷ ላይ ጦር ተሰክቶባት ተገኘች። ጦሩ ሲታይ የአፍሪካ ነው። እንደተወጋች ያን ሁሉ መንገድ በርራ ገብታለች! ዛሬም ከነጦሯ ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለች።

አዜብ_ዘሜዳ፦
የሽመላዋን ባነበብኩ ቁጥር አንገቴን ያመኛል።

ፈጣን_ጣት፦
ሰላም፣ ይሄ ሁሉ ቁጭ ማለት ካልሆነልሽ አቋራጭ ልንገርሽ። ስልክሽ ላይ የዚያኑ ወፍ ዘፈን ክፈቺ። ወንዱ ራሱ መጥቶ ፊትሽ ይቆማል፣ ላባውን ነፍቶ። የኔ ምርጥ ፎቶዎች እንደዚያ የተነሱ ናቸው።

አዜብ_ዘሜዳ፦
ወንድሜ፣ ይሄንንስ ባትመክራት። እኔ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ነው የማገለግለው፣ ጸደይ በመጣ ቁጥር የምንከራከረው በዚሁ ነው።

ያ ወፍ ላባውን ነፍቶ የመጣው ሊነሳልህ አይደለም፤ ሌላ ወንድ ክልሉን የወረረበት መስሎት ሊጣላ ነው። የሌለ ጠላት ሲፈልግ የሚያጠፋው ጊዜ ከመልቀሙና ጎጆውን ከመጠበቁ ላይ ይቀነሳል። አንተ አንዴ ከፍተህ ትሄዳለህ፣ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ይከፍታል። መንገድ ዳር ያለ ወፍ ቀኑን ሙሉ ሲዋጋ ይውላል። ብዙ ጥብቅ ስፍራዎች ይህን በግልጽ ይከለክላሉ፤ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ ማንበብ ነው።

ጎጆን በተመለከተ ደግሞ ሰላም፣ እህቴ፣ ይሄን ለአንቺ ነው። ጎጆ ካየሽ አንዴ ዓይተሽ እለፊ። ለፎቶ ብሎ ቅጠል ገለጥ የሚያደርግ ሰው አለ። ያ ቅጠል ጥላም መደበቂያም ነው። ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት እንቁላል ውስጡ ያለው ፅንስ በቶሎ ይሞታል። ቁራ ደግሞ ሰው የሚቆምበትንና የሚያጎነብስበትን ቦታ ልብ ይላል፤ አንቺ ስትሄጂ እሱ ይመጣል። ወፏ ምግብ በምንቃሯ ይዛ ወደ ጎጆዋ ሳትገባ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች የምትጮኽ ከሆነ የምታስቸግሪያት አንቺ ነሽ። ወዲያው ወደ ኋላ በይ። መልቀም ማቆም፣ አንገት ማስረዘም፣ አጭር የተደጋገመ ጩኸት፣ እነዚህ ሁሉ “ቀርበሻል” ማለት ናቸው።

ፈጣን_ጣት፦
አዜብ፣ አከረርሽው። ተመራማሪዎችም እኮ ድምፅ ይከፍታሉ። እነሱ ሲያደርጉት ሳይንስ፣ እኛ ስናደርገው ወንጀል?

ዝምተኛው_ተመልካች፦
ልጄ ፈጣን፣ ልዩነት አለው። ተመራማሪው ፈቃድ አውጥቶ፣ ለቆጠራ፣ በተወሰነ ጊዜና ቦታ ለአጭር ደቂቃ ከፍቶ ይሄዳል። የሚያገኘውም መረጃ መልሶ ወፉን ለመጠበቅ ይውላል። አንተ የምትፈልገው ፎቶ ነው። ፎቶ ደግሞ ያለ ድምፅ ይገኛል፣ አዜብ እንዳለችው አይደለም እንዴ ነገሩ? እኔ በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። በዚያ ላይ ለድምፅ የመጣ ወፍ ፊቱ ሁሉ ቁጣ ነው። የለመደ ዓይን ፎቶው ላይ ያውቀዋል።

የድሮዎቹ ከዚህ የበለጠ ይደክሙ ነበር። ኪርተን የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች፣ ሪቻርድና ቼሪ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ የዱር ወፎችን በካሜራ ማንሳት ከጀመሩት ቀደምቶች ናቸው። ወፎቹ እንዳይሸሹ ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ የበሬ ቆዳ አስወጥረው፣ ውስጡን ክፍት አድርገው፣ አንዱ ከነካሜራው በሬው ሆድ ውስጥ ይገባ ነበር። ከብት የለመደ ወፍ በሬ አይፈራም በሚል።

ቁንጮ፦
በሬ ውስጥ?! ሃሃሃ። የዛሬው ሰው ባለ ቅጠል ልብስ ለብሶ ራሱን ጀግና ያደርጋል።

አዜብ_ዘሜዳ፦
ጋሼ፣ የእነሱ በሬ የቆመው ጎጆ ፊት እንደነበር ግን ይጨምሩበት 🙂 ያኔ ሰው ስለ ጎጆ መረበሽ ብዙም አይጨነቅም ነበር። ሐሳባቸውን እንውሰድ፣ ቦታውን እንተው። ዛሬ በሬ አያስፈልግም፣ መኪና ካለ ይበቃል። ወፍ ከሚሄድ ሰው ይሸሻል፣ ከቆመች መኪና ግን አይሸሽም። መንገዱ የሚፈቅድ ከሆነ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ እህል የሞላ ትንሽ ከረጢት መስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ፣ ሌንሱን እሱ ላይ አስደግፉት።

ፈጣን_ጣት፦
እሺ፣ ስለ ድምፁ ልሸነፍ። ስለ 600 ግን አልሸነፍም።

ሰላም_በጠዋት፦
ድምፁን አልከፍትም፣ አዜብዬ፣ አይዞሽ። ሁለት ጥያቄ ግን አለኝ። መሻገሪያው አጠገብ ሣሩ ላይ ጭራው ያጠረ፣ ላባው ገና ያልሞላ ጫጩት ቁጭ ብሎ ይጮኻል። ጎጆው የት እንደሆነ አይታየኝም። ወደ ቤት ልውሰደው? ሁለተኛ፣ ሳቢሳው ጀርባው ላይ ሌላ ጊዜ ያላየሁት ረጅም ስስ ላባ አብቅሏል። ይሄ ያው ሳቢሳ ነው ወይስ ሌላ ዓይነት?

አዜብ_ዘሜዳ፦
ጫጩቱን ተዪው! ላባ ለብሶ በእግሩ የሚቆም ከሆነ ከጎጆ የወጣው በጊዜው ነው። የአብዛኞቹ ዘፋኝ ወፎች ጫጩቶች በደንብ መብረር ሳይችሉ ነው ጎጆ የሚለቁት፣ ወላጆቻቸው መሬት ላይ እየመጡ ይቀልቧቸዋል። አንቺ እዚያ እስካለሽ ድረስ ግን አይመጡም። ራቅ ብለሽ በባይኖኩላር ጠብቂ፣ ምግብ ይዞ የሚመጣ ታያለሽ። መንገድ መሃል ላይ ከሆነ፣ ሰው እንዳይረግጠው አንስቶ አጠገቡ ያለ ቁጥቋጦ ሥር ማድረግ ይቻላል። “ሰው የነካውን እናቱ ትጥለዋለች” የሚባለው እውነት አይደለም። ላባ ያልለበሰ ሥጋ ብቻ ከሆነ ወይም ደም ካየሽ የስፍራውን ጠባቂዎች ጥሪ።

የአጋዘን ግልገልም እንደዚያው ነው። ሣር ውስጥ ብቻውን ተጋድሞ ብታገኚው አልተጣለም። እናቱ ሆን ብላ ትታው ትሰማራለች፣ አውሬ በእሷ ጠረን ተስቦ እንዳይደርስበት። ከሩቅ በ300 ሌንስሽ አንድ ሁለቴ አንሺና እለፊ። ስትመለሺ ደግሞ እግርሽንና ብብትሽን ለመዥገር ፈትሺ፤ ጸደይ የእነሱም ወቅት ነው። ሱሪሽን ካልሲሽ ውስጥ መክተት ያምራል አያምርም አትበዪ።

ዝምተኛው_ተመልካች፦
የሳቢሳውን እኔ ልመልስ። ያው ሳቢሳ ነው። ትልቁ ነጭ ሳቢሳ በመራቢያው ወቅት ከጀርባው ያን ስስ ላባ ያወጣል፣ ከዓይኑ እስከ ምንቃሩ ሥር ያለው ባዶ ቆዳም ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ለጥቂት ሳምንታት ነው የሚቆየው፤ ቀርበሽ ካነሳሽ ዓይኑ አካባቢ ፎከስ አድርጊ፣ አረንጓዴው እንዳያመልጥሽ። ወቅቱ ሲያልፍ ቆዳው ወደ ቢጫ ይመለሳል።

ያቺ ላባ ጣጣ አምጥታበት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የሴቶች ባርኔጣ ማስጌጫ ሆነች። ላባው የሚወጣው በመራቢያ ጊዜ ስለሆነ አዳኞች ሳቢሳዎቹን ጎጆ ላይ እንዳሉ ይገድሏቸው ነበር፤ ጫጩቶቹ በረሃብ ያልቃሉ። ይህን ለማስቆም የተነሱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1889 ኤሚሊ ዊሊያምሰን ማንችስተር አጠገብ ቤቷ ውስጥ የጀመረችው ማኅበር የዛሬው የብሪታንያ የወፎች ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር ሆኗል። በ1896 ደግሞ ቦስተን ውስጥ ሃሪየት ሄመንዌይና ሚና ሆል ወዳጆቻቸውን ሻይ እየጋበዙ ላባ አንለብስም አሰኟቸው፤ ከዚያ ለወፎች የሚቆመው የማሳቹሴትስ ኦዱበን ማኅበር ተወለደ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1903 ፍሎሪዳ ያለችውን ፔሊካን ደሴት ለወፎች ሲከልል በአሜሪካ የመጀመሪያው የፌዴራል የወፍ ጥብቅ ስፍራ ነበረች። ስለዚህ ልጄ፣ አንቺ የምትቀመጪበት ዓይነት ቦታ እንዲኖር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ያ ስስ ላባ ነው።

ሽመላ_በመንገድ፦
ጋሼ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እኔ በበኩሌ ለሐይቁ አንድ ነገር ልጠቁም። ሐይቅሽ ላይ ግሪብ የምትባለዋ ባለ ቁንጮ ጠላቂ ወፍ ካለች ሌላውን ሁሉ ትተሽ እሷን ጠብቂ። ወንዱና ሴቷ ፊት ለፊት ይገጥሙና ጭንቅላታቸውን ግራ ቀኝ ያወዛውዛሉ። ከዚያ ሁለቱም ይጠልቁና ምንቃራቸው ላይ የውሃ ሣር ይዘው ይወጣሉ፤ ደረት ለደረት ገጥመው ውሃው ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁሊያን ሃክስሌ እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው ጥናት ይህንን ጭፈራ ደረጃ በደረጃ ጽፎታል፣ የእንስሳት ባህርይ ጥናት ውስጥ ዛሬም ስሙ ይነሳል። መሣሪያው ትዕግሥትና ማስታወሻ ደብተር ነበር።

ለፎቶው፦ ጭንቅላት ማወዛወዙ ሲጀመር አትጨርሺ፣ ሚሞሪሽን ቆጥቢ። ሁለቱም ሲጠልቁ ነው ዝግጁ የምትሆኚው። ሣሩን ይዘው የሚቆሙት ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ሌንሱን ጠበብ አድርገሽ አትያዢ፣ ሁለቱም እንዲገቡልሽ ትንሽ ሰፋ አድርጊው። ጫጩት ሲፈለፈል ደግሞ ፊታቸው ባለ መስመር የሆኑ ትንንሾች እናትና አባታቸው ጀርባ ላይ ተሳፍረው ታያለሽ።

ዘነበ_ወርቅ_ሜዳ፦
እኔ የምኖረው አራቱ ወቅቶች በማይታወቁበት በኩል ነው። የእኛ ወፎች ጸደያቸው ዝናቡ ነው። ደረቁን ወር ሙሉ ቡናማ ድንቢጥ መስሎ የከረመው ሸማኔ ወፍ ዝናቡ ሲገባ ቢጫና ጥቁር ለብሶ ብቅ ይላል። ሣሩ ሲረዝም ቅጠሉን እየሰነጠቀ ጎጆ ይሠራል፣ ሴቷ መጥታ ትመረምራለች፣ ካልወደደችው አፍርሶ ሌላ ይጀምራል። ወፍ እንደ አገሩ ይጮኻል እንደሚባለው፣ ቀኑን በወር ሳይሆን በሣሩ ቁመት ቁጠሩ።

ቁንጮ፦
@ዘነበ_ወርቅ_ሜዳ ድንቢጥ ካነሳህ አይቀር፣ የወንዱ ድንቢጥ ጥቁር ደረት በጸደይ የሚጎላው አዲስ ላባ አብቅሎ እኮ አይደለም። ከክረምቱ ብርድ በፊት ቅጠል ሲረግፍ ያወጣው ላባ ጫፉ ገርጣ ያለ ነው፤ ጫፉ ክረምቱን ሲያልቅ ከሥሩ ያለው ጥቁር ይወጣል። ልብሱ ሲያረጅ ያምርበታል ማለት ነው። የተናቀች ወፍ ናት፣ ግን ለመለማመጃ ከእሷ የተሻለ የለም። ሰው ለምዳለች፣ ቀርባ ትነሳለች።

አወያይ፦
ውይይቱ ጥሩ እየሄደ ነው፣ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። አንድ አባል ያጋራው የጉጉት ፎቶ ላይ የቦታው መረጃ ፋይሉ ውስጥ ስለነበር አንስተነዋል። በስልክ የተነሳ ፎቶ ብዙ ጊዜ የተነሳበትን ቦታ ፋይሉ ውስጥ ይዞ ይሄዳል። የጎጆ፣ የጉጉት መዋያና የቀበሮ ጉድጓድ ፎቶ ስትለጥፉ ቦታውን አጥፉ፣ ጀርባው ላይ የሚታወቅ ምልክት ካለም ቆርጣችሁ አውጡ። አንድ ሰው ያየው ጉጉት በሳምንቱ መጨረሻ ሰልፍ ሲሰለፉበት ዓይተናል። ጉጉት ደግሞ ቀን የሚያንቀላፋ ነው፤ ዓይኑን በልጥጦ ካሜራችሁን ካፈጠጠበት እንቅልፉን ነስታችሁታል።

ፈጣን_ጣት፦
በዚህ እንኳን ከአወያይ ጋር ነኝ። አይጥ ወርውረው ጉጉት የሚያስበርሩም አሉ። ጉጉቱ ሰውና መንገድ ዳር ምግብ አለ ብሎ ይለምድና መኪና ይገጨዋል። ያንንስ እኔም አላደርግም።

ሰላም_በጠዋት፦
እንደነገራችሁኝ አድርጌ ተመለስኩ። ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ ሸምበቆው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ። ኤሊዎቹ ግንዱ ላይ ወጥተው ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ፣ እንቁራሪቶቹ አንዱ ሲጀምር ሁሉም ቀጠሉ። ሳቢሳው ኩሱን ጥሎ ሲነሳ ጣቴ አዝራሩ ላይ ነበር፤ ክንፉ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ፣ አረንጓዴዋ ቆዳም ታይታ፣ በ300 ሚሜ! የላባው ዝርዝር እንዳለ ነው፣ በ-1። ፎቶውን አያይዣለሁ።

ሁለተኛው ፎቶ ላይ ግን እርዱኝ። ቡናማ ዳክዬ ናት፣ ክንፏ ላይ ሰማያዊ መስመር አላት። አጠገቧ ጭንቅላቱ አረንጓዴ የሆነው ወንድ ስላለ ሴቷ ናት ብዬ ጻፍኩ። ጎረቤቴ ደግሞ “ወንዱም ቡናማ ይሆናል” አለኝና አወዛገበኝ።

ፈጣን_ጣት፦
የሳቢሳው ፎቶ ምርጥ ነው። ምን ይደረግ፣ 300 ነው ተብሏል 🙄

ዝምተኛው_ተመልካች፦
ጎበዝ ልጄ፣ ዓይኑ ላይ ነው ፎከሱ።

ስለ ዳክዬዋ፣ ጎረቤትሽም አልዋሸም። ወንዱ መራቢያው ካለፈ በኋላ በበጋ ያጌጠበትን ላባ ያረግፍና ሴቷን ይመስላል፤ የክንፉን የበረራ ላባ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚጥል ለጥቂት ሳምንታት መብረር አይችልም፣ ቡናማው እንዲደበቅ ይረዳዋል። ያኔ ክንፉን አይተሽ አትለዪውም፣ ሰማያዊው መስመር ሁለቱም ላይ አለ። ምንቃሩን እዪ፦ የወንዱ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ የሴቷ ብርቱካናማ ሆኖ መሃሉ ላይ ጥቁር ጠቃጠቆ አለው። ያንቺዋ ጠቃጠቆ አላት። የጻፍሽው ልክ ነው።